በሳቢያን ሰማይ ላይ የሚዞር ጥርስ

ሰይፈ ሚካኤል በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መሰላል አስደግፎ ቤቱ ጣራ ላይ ይወጣል። በቀኝ እጁ አፈ ቀጭን የዘይት ጣሳ ይይዛል። በዚያ ሰዓት ሳቢያን የሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ቆርቆሮ የጫማ ሶል ስለሚያቀልጥ፣ የሚጫማው ምድር ባቡር ተቀጥሮ ሲሠራ የተሰጠውን ወፍራም ቡትስ ነው። ጣራው መካከል የቆመው ምሰሶ ጋ ሲደርስ እግሩን መወጣጫዋ ላይ ያደላድልና ጫፉ ላይ ባለው ኩሽኔታ ውስጥ ሦስት ጠብታ ዘይት ያንጠባጥባል። ሁለት አይበቃም፤ አራት ብክነት ነው። ከዚያ ማሽኑን አስሮ የያዘውን ገመድ ፈትቶ ይወርዳል። ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ ይነሣል።

ማሽኑ ነፋስ እያዞረው መብራት የሚያመነጭ ነው። ሦስቱ ክንፎቹ ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ተሰንጥቀው ወጥተዋል። ዲናሞው ከአሮጌ የጭነት መኪና ተፈትቶ የመጣ ነው። ፊቱን ወደ ነፋሱ ለማዞር ግን ጅራት ያስፈልገው ነበር። ሰይፈ ሚካኤል ለጅራት የሚሆን ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ቀፊራ ገበያ ካሉት ቆራሌዎች ዘንድ ሲፈልግ፣ ከተዘጋ የጥርስ ሐኪም ቤት የወረደ ማስታወቂያ አገኘ። ሰባ በዘጠና ሳንቲሜትር ነው። በላዩ አንድ ነጭ መንጋጋ ተሥሏል፤ ሁለት ዐይን አለው፣ ቅንድብ አለው፣ ብሩሽ ይዞ ይሥቃል። ሰይፈ ሚካኤል ሥዕሉን ቀለም ሊቀባበት አልፈለገም። «ቀለም ክብደት ነው» ይላል። እንዳለ ገጠመው።

በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው በሩን አንኳኩ። አንዱ ከሩቅ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ፊቱ በአንድ ወገን አብጦ ወደ ውስጥ ሊገባ ታገለ።

«እዚህ ሐኪም የለም» አለው ሰይፈ ሚካኤል። «እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ።»

«ቶርኖ ምንድን ነው?»

«ብረት የምናከብበት፣ የምናቀጥንበት ማሽን ነው።»

«ታዲያ ብረት መያዝ ታውቃለህ ማለት ነው። በል ንቀለው!»

ሰይፈ ሚካኤል ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ከሸዋ በባቡር መጥተው እዚያው ባቡር ላይ ሥራ ገቡ፤ እሱም በወጣትነቱ ወርክሾፑ ገብቶ ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆመ። ከዚያ ዘመን ጡረታው፣ ጥቂት የፈረንሳይኛ ስድቦችና የሚሊሜትር ዐሥረኛ የሚለይ መለኪያ ቀርተውለታል። መለኪያው ከሸሚዝ ኪሱ አይጠፋም። ጠዋት ዳቦ ሲገዛ ውፍረቱን ይለካል፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ለእሱ የሚሰጠውን ዳቦ መርጦ ያስቀምጣል። ከዓመታት በፊት ቡል የሚባለውን የብረት ኳስ ውርወራ ሲጫወቱ፣ በዐይን እኩል ናቸው የተባሉ የሁለት ኳሶችን ርቀት ለክቶ ዒብራሂም የሚባለውን የሰፈሩን ሽማግሌ በሁለት ሚሊሜትር አሸንፎታል። ዒብራሂም ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አልነሣውም፤ እጁን ግን ለአጭር ጊዜ ነው የሚጨብጠው።

ማሽኑ የተሠራው ለሚስቱ ለጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ ደርባባ ሴት ናት፤ ሙቀት አይስማማትም። የተወለደችው ሐረር ነው። ድሬዳዋ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራ አንድም ቀን «ለመድኩት» ብላ አታውቅም። ከምሳ በኋላ ቬንትሌተር ሥር ካልተጋደመች ቀኑን ሙሉ አትናገርም፤ ከተናገረችም የሚሻለው ዝምታዋ ነው። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ቬንትሌተሩ ይቆማል። ቬንትሌተሩ ሲቆም ጥሩወርቅ ስለ እኅቷ ማውራት ትጀምራለች።

«እኅቴ አሁን ጋቢ ለብሳ ነው የተኛችው» ትላለች። «በቀን! ጋቢ!»

ይህ ተራ ወሬ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. «ለሁለት ሳምንት» ብላ እኅቷ ዘንድ ሐረር ሄዳ አምስት ወር ቆይታለች። ሰይፈ ሚካኤል በእነዚያ አምስት ወራት የበላው እንቁላል ነው። የአብዛኞቹን ዲያሜትር ዛሬም ያስታውሳል። ስለዚህ ማሽኑ ጣራው ላይ በወጣና ቬንትሌተሩ መብራት በሌለበት በዞረ ቀን፣ ጥሩወርቅ ወደ ላይ አንጋጣ አይታ፦

«በል እሺ» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር አንድ ሳምንት ከቆመ ግን እኔን ሐረር ፈልገኝ።»

ሁለት ዓመት ያህል አልቆመም። ባለፈው ግንቦት ጎረቤቱ ዴቃ ግቢዎቻቸውን በሚለየው ግንብ ላይ ብቅ አለች።

ዴቃ ታይዋን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ ትመጣና ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ከወዳጆቿ ጋር ጫት እየቃመች በርጫ ትቀመጣለች። ለዚህ የተለየች አንዲት ክፍል አለቻት፤ ፍራሽና ትራስ ዙሪያውን ተደርድሮባታል፤ መስኮቷ በቀጥታ ምሰሶውን ያያል። ክፍሏ የሴቶች ብቻ ናት።

«ዋርያ ሰይፈ!» አለች። «ጥርስህን ከእኔ ላይ አንሣ!»

«ለነፋሱ ንገሪው። እኔ አይደለሁም የማዞረው።»

«ልብስ ሳሰጣ ይሥቃል፣ ሳጥብ ይሥቃል። ባሌ፣ አላህ ይርሐመውና፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላየኝም!»

«ክፉ ዐይን የለውም።»

«ድምፁስ? ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ! ወዳጄ ሰገል የልጇን ሠርግ ልትነግረን ሦስት ቀን ሞከረች። አንድ ነገር ስትጀምር ሲጥ፣ እንደገና ስትጀምር ሲጥ። ሙሽራው እስካሁን መኪና ውስጥ ነው ያለው ወላሂ!»

ሰይፈ ሚካኤል ፊቱ ተለወጠ። ስለ ሥዕሉ የተባለውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ነበር።

«የእኔ ኩሽኔታ አይጮኽም» አለ።

«አይጮኽም? ታዲያ እኔ ነኝ የምጮኸው?»

«በየቀኑ ሦስት ጠብታ አደርጋለሁ። ሦስት ጠብታ የጠጣ ኩሽኔታ አይጮኽም።»

ዴቃ በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። የግንባታ ጉዳይ የሚታየው ስምረት በምትባል ባለሙያ ነው። ስምረት ከደብረ ብርሃን ከመጣች ሰባት ወር ሆኗታል፤ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ትላለች። ድሬዳዋ ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ «አንተ» እና «አንቺ» ስለሚባል፣ ባለጉዳይ «እርስዎ» ሲባል ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ይዞራል። ዴቃም ዞረች።

«እርስዎን ነው» አለች ስምረት። «ምን ልርዳዎት?»

«የመጣሁት ስለ ጥርስ ነው።»

«ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው።»

ነገሩ እስኪገባባቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከገባት በኋላ ስምረት የአቤቱታውን ፎርም አወጣች። ፎርሙ «የግንባታው ዓይነት» ከሚለው ሥር አራት ሣጥኖች አሉት፤ መኖሪያ ቤት፣ አጥር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሌላ። በነፋስ የሚዞር መብራት ማመንጫ የለም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት ቢደረግ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይሄዳል፤ እዚያ የሄደ ወረቀት ሲመለስ ስምረት አይታ አታውቅም። አሰበች፤ ጥርሱ ቆርቆሮ ላይ የተሣለ ነው፣ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ሰው ይስባል። «የማስታወቂያ ሰሌዳ» ላይ ምልክት አደረገች። ለሰሌዳ የሚሠራው መመሪያ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ጎረቤትን የሚረብሽ ድምፅ ማሰማቱ ሦስት አባላት ባሉት የሰፈር ኮሚቴ በአካል ተገኝቶ ከተረጋገጠ፣ ሰሌዳው በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል።

ሰይፈ ሚካኤል መጥሪያው ሲደርሰው ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥሩወርቅ አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበር ላይ ቆማ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሻንጣ አውርዳ አቧራውን መጥረግ ጀመረች።

«ገና አልተወሰነም እኮ» አላት።

«እኔም ገና አልሄድኩም። ሻንጣ ነው የጠረግኩት።»

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ያ በሁለት ሚሊሜትር የተሸነፈው ዒብራሂም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ ወጥቷል። ጸሐፊው ባለ ሱቁ ዋርፋ ነው፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር የተመረጠ ሰው ነው፤ ሲጽፍም የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። ሦስተኛዋ ስምረት ራሷ ስትሆን ማኅተሙ በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ሰይፈ ሚካኤል ገመዱን ፈታላቸው። ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም። ሦስቱ ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ሃያ ደቂቃ አንጋጠጡ፤ ጥርሱም ቁልቁል እያየ ሣቀባቸው።

«ይሄ ነገር ሞቷል እንዴ?» አለ ዒብራሂም።

ዋርፋ «ጥርሱ ጸጥ ብሎ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ጠዋትም መጡ፤ ያው ሆነ። ቀላሉ መፍትሔ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ባለበት ሰዓት መምጣት ነበር። ይህን ያሰበችው ግን ስምረት ብቻ ናት፤ እሷም ስላልለመደች ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቢሮ ከምሳ በፊት ይዘጋና ሲከፈት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ሰውም ተሰብስቦ መንገድ እስኪጀምር ነፋሱ ደክሞታል። በመካከሉ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። ከተማው ወይ ይጋደማል፣ ወይ በርጫ ላይ ይቀመጣል።

«በስምንት ሰዓት ብንመጣስ?» ብላ ጠየቀች።

ዒብራሂም አዘነላት። «ልጄ» አላት፣ «እዚህ አገር በስምንት ሰዓት ሥራ ላይ ያለው ፀሐይ ብቻ ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የዴቃ ትዕግሥት አለቀ። ኮሚቴው ግቢ ውስጥ እንዳለ መጥረጊያ በረጅም እንጨት ላይ አስራ፣ በራሷ በኩል መሰላል ወጥታ ክንፎቹን መታች። ማሽኑ ሁለት ዙር ዞረ። ሲጥ አለ፤ ደግሞ ሲጥ አለ።

«ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይስ አልሰማችሁም!»

«ሰምተናል» አለ ዋርፋ፤ ጻፈም፦ «ድምፁን ያሰማችው አመልካች ራሷ መሆኗ በዐይን ታይቷል።»

ስምረት ግን ጆሮዋን ወደ ላይ አድርጋ ቆይታ፣ «አቶ ሰይፈ ሚካኤል፣ የሚጮኸው ኩሽኔታው አይመስለኝም» አለች። «ጥርሱ የተንጠለጠለበት ማጠፊያ ይመስለኛል። እሱንም ዘይት ቢቀቡትስ?»

ሰይፈ ሚካኤል ማጠፊያው ለምን ሊጮኽ እንደማይችል ሠላሳ አምስት ደቂቃ አስረዳት። በመሬት ላይ በሚስማር ሥሎ አሳያት። በመጨረሻ ስምረት «ገባኝ» አለች፤ ያልገባው ዒብራሂምም «ገባኝ» አለ፤ ፀሐዩ በርትቶ ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው ዴቃ ናት። በር ላይ ሦስቱንም አስቁማ፦

«ነገ በርጫ ላይ ኑ» አለቻቸው። «ሥራ አይደለም፣ እንግድነት ነው። እንግዳ ደግሞ በሰባት ሰዓት ይመጣል። ክፍሌ ወንድ አይገባባትም፤ የኮሚቴ አባል ግን ወንድ አይደለም፣ መንግሥት ነው።»

ዒብራሂም ይህን ከሁሉም አቅጣጫ መረመረውና ስሕተት አላገኘበትም።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሦስቱም ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ዒብራሂምና ዋርፋ እያንዳንዳቸው አንድ ዙርባ ጫት ፊታቸው ቀርቦላቸዋል። ስምረት ስለማትቅም ለስላሳ ተሰጣት። ሰገልም አለች፣ ምስክር ሆና። በግንቡ ማዶ ሰይፈ ሚካኤል ሦስት ጠብታውን ጨርሶ ገመዱን ፈትቶ ወርዷል፤ አሁን ወንበሩን ከግንቡ አጠገብ አስጠግቶ ጆሮውን ወደ ዴቃ መስኮት አድርጓል። ቤት ውስጥ ጥሩወርቅ ቬንትሌተሯ ሥር ተጋድማለች፤ ሻንጣው አልጋው ሥር ነው።

ነፋሱ መጣ። ሲጥ።

«ሰማሁ» አለ ዒብራሂም። «ጻፍ ዋርፋ።»

«ምን ብዬ?»

«ሲጥ ብለህ።»

ዋርፋ ጻፈ። ስምረት ሰዓቷን ይዛ ቆጠረችና በደቂቃ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መሆኑን አስታወቀች። ሰገል ለማስረጃ ያህል ሠርጉን ጀመረች፤ «መኪናው በር ላይ ሲቆም» ስትል ሲጥ አለ፤ ዒብራሂም ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ በእውነት በደል ነው» አለ። ሰይፈ ሚካኤል ወንበሩ ላይ ቀዘቀዘ። በዚያ ሰዓት ቢፈረድ ኖሮ ጥርሱ በሦስት ቀን ውስጥ ይወርድ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ሄደ። የዴቃ ቬንትሌተር እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ። ክፍሏ ጋለች። በዝምታው ውስጥ ከግንቡ ማዶ የለሰለሰ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ዋርፋ።

«የጥሩወርቅ ቬንትሌተር ነው» አለች ዴቃ፤ ፊቷ ላይ ላቡ ይወርዳል። «መብራት ሲሄድ የእሷ አይሄድም። ጥርሱ ነው የሚያዞርላት።»

ዒብራሂም መቃሙን አቆመ። ከበርጫው አንድ ሰዓት አልፎት ነበር፤ ይህ ሰዓት የድሬዳዋ ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ የሚያይበት ነው። ምርቃና ይሉታል።

«ቆይ» አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጅቡቲ መንገድ ነድቻለሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ነፋስ አለፈኝ መሰላችሁ! አንዱን እንኳ አስቁሜ ‹ወዴት ትሄዳለህ?› አላልኩትም!»

«ወላሂ እውነት ነው» አለች ሰገል።

«እኛ ነፋሱን ስንሳደብ፣ ይሄ ሰውዬ ሥራ አስይዞታል! ዝም በሉና ስሙት እስቲ።»

ሁሉም ዝም ብለው ሰሙ። ሲጥ።

«ታዩታላችሁ?» አለ ዒብራሂም ዐይኑ እንባ አቅርሮ። «ሥራ ላይ ነው እኮ። የሚሠራ ነገር ድምፅ አለው። እኔ ራሴ ስነሣ ጉልበቴ ሲጥ ይላል፤ ልጆቼ ይከሱኛል?»

«እንዲያውም አንድ ለምን ሆነ?» አለ ዋርፋ ብዕሩን አንሥቶ። «በየቤቱ ይተከል! አርባ ጥርስ!»

«አርባ አይሆንም» አለች ዴቃ። «ሠላሳ ሁለት ይበቃል። አፍም ከዚያ በላይ አይዝም።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ስምረት፣ «የመጣነው ድምፅ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው።»

«አረጋገጥን እኮ!» አለ ዒብራሂም። «ግሩም ድምፅ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ዋርፋ ጽፎታል። ማሽኑ ባለበት ይቆያል። ከማሽኑ መብራት ወደ ዴቃ ክፍል መስመር ይዘረጋል። ሰፈሩ ውስጥ ሠላሳ አንድ ተጨማሪ ጥርሶች ይተከላሉ። ጥርሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሣቅ ይኖራቸዋል። ትርፍ ነፋስ ለጅቡቲ ስለ መላክ ጥናት ይደረጋል። የነፋስ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ይከበራል፤ በዕለቱ ማንም ሰው ነፋሱን አይሳደብም። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ደረሰ። ስምረት በእያንዳንዱ ላይ ተቃውማለች፤ ተቃውሞዋም በሚያምር ጽሕፈት ተመዝግቧል። ድምፅ ግን ሁለት ለአንድ ነው፤ መመሪያው በአብላጫ ድምፅ የተወሰነ ነገር ይታተም ይላል። ስምረት መመሪያ የምታከብር ሰው ናት። ማኅተሙን ከቦርሳዋ አውጥታ መታችው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ ወደቀ፤ ማሽኑ ቆመ። ምርቃናውም አብሮ ወረደ። ዒብራሂም ጫማውን ሲያይ ቆየ።

«ዋርፋ» አለ በቀስታ። «ስንት ወሰንን?»

«አሥራ አንድ።»

«ጅቡቲም አለበት?»

«ተራ ቁጥር አምስት።»

በዚህ ከተማ በርጫ ላይ የታቀደ ነገር ማታ አይጠየቅም። በየቀኑ በየክፍሉ ስንት ፎቅ ተሠርቶ፣ ስንት ፋብሪካ ተከፍቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል፤ ማንም ማንንም አይከስም። ሰዎች እንደ ልባቸው የሚናገሩትም ለዚህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በርጫ ላይ ማኅተም ይዞ የገባ አልነበረም።

ዒብራሂም በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ ደረሰ።

«ልጄ፣ ያቺን ወረቀት ቅደጂያት።»

«አልችልም። ውሳኔ የሚሻረው ኮሚቴው እንደገና ተቀምጦ ሲወስን ነው። ከፈለጉ ከሰዓት በኋላ ልንቀመጥ እንችላለን።»

ዒብራሂም አሰበበት። «ይቅር» አለ። «እንደገና ከተቀመጥን ጅቡቲ ላይ አናቆምም።»

ኮሚቴው ከአሥራ አንዱ የሚቻሉትን ሁለቱን ብቻ ለማስፈጸም ተስማማ፤ ማሽኑ ይቆያል፣ ወደ ዴቃ ክፍል መስመር ይዘረጋል። ሰይፈ ሚካኤል ይህን ሲሰማ ቤቱ ገብቶ ለጥሩወርቅ አበሰረ። ሻንጣውን አንሥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰው። ቅዳሜ ደግሞ ራሱ ግንቡን በስቶ የመብራት ገመዱን ወደ ዴቃ ክፍል አሳለፈ፤ ቀዳዳው አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ሲሆን ገመዱ በትክክል ሞላው። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው አንድ ነገር ማስላት ነበረበት፤ ደስታው አስረሳው።

እሑድ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ሄደ። ሁለት ቬንትሌተሮች ከአንድ ዲናሞ መጠጣት ጀመሩ። የጥሩወርቅ ቬንትሌተር አንድ ክንፉን አሳለፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን አሳለፈ። በላዩ ያረፈችው ዝንብ አልተነሣችም።

ጥሩወርቅ ተጋድማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰይፈ።»

«አቤት።»

«ይሄ አይዞርም። ያስባል።»

ሰይፈ ሚካኤል መለኪያውን አውጥቶ ዙሩን ሊለካ ሲል ሚስቱ ተነሥታ ነበር። ሻንጣውን አወረደች። ሁለት ቀሚስ ከተተች፣ ነጠላ ከተተች፣ ጋቢም ከተተች። ጋቢው ሲገባ ሲያይ ሰይፈ ሚካኤል መለኪያውን ኪሱ መለሰ።

«ነገ ሌላ ዲናሞ እፈልጋለሁ» አለ።

«ፈልግ።»

«ጥሩዬ፣ አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

«ሁለት ዓመት ሰጥቼሃለሁ። የዴቃን ክፍል ልታቀዘቅዝ ነው እኔ የምጠበሰው?»

ሻንጣውን ይዛ ግቢው መካከል ስትደርስ ዴቃ ከግንቡ በላይ ብቅ አለች። ሻሿን አውልቃ ራሷን ታራግባለች።

«ጥሩወርቅ! ያንቺም እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«የእኔማ ዝንብ ተኝቶበታል! ሁለቱም ከሚሞቱ ያንቺን ንቀዪና ነይ፣ በአንዱ አብረን እንቀመጥ። አንቺ ሴት ነሽ፤ ማን ከለከለሽ?»

ጥሩወርቅ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰይፈ ሚካኤልን አየችው፤ ግንቡን አየችው። ቤት ተመልሳ የራሷን ቬንትሌተር ከሶኬቱ ነቀለች። ከግንቡ ማዶ ወዲያው እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ተነሣ፤ ሴቶቹም በአንድ ላይ «ውይ!» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩወርቅ ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ዴቃ ዘንድ ናት። አትቅምም፤ ትራስ ተደግፋ ትጋደማለች፣ ታወራለች። ሻንጣው ባዶ ሆኖ ቁም ሣጥኑ ላይ ተመልሷል፤ ሐረር ላለችው እኅቷም ዘንድሮ እንደማትመጣ ደውላ ነግራታለች። ሰይፈ ሚካኤል ሚስቱን አላጣም። ጥርሱም አልወረደበትም። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ግን እሱ ባለበት ቤት ውስጥ ሚስትም የለም፣ ቬንትሌተርም የለም። ግድግዳውን ተጠግቶ የሌላ ሰው ነፋስ ሲነፍስ ይሰማል።

በአራተኛው ቀን የዴቃን በር አንኳኳ። ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኗል።

«አንድ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ» አለ። «አልናገርም።»

ዴቃ በሩን ግማሽ ብቻ ከፈተች። «ይሄ የሴቶች ክፍል ነው፣ ሰይፈ።»

«ዒብራሂም ገብቶ የለም? ዋርፋስ?»

«እነሱ ኮሚቴ ናቸው። አንተ ኮሚቴ ነህ?»

«ማሽኑ የእኔ ነው እኮ!»

«ቬንትሌተሩ የእኔ ነው» አለች ዴቃ፤ ከውስጥ የጥሩወርቅ ሣቅ ተሰማ፤ ሰይፈ ሚካኤል ያን ሣቅ በዚያ ሰዓት ሰምቶት አያውቅም።

ዋርፋ ከአሥራ አንዱ ውሳኔ ወዲህ ብዕር ሲያይ ስለሚጨንቀው ከኮሚቴው ለቋል። ሰይፈ ሚካኤል ይህን ከባለ ዳቦ ቤቱ ሰማ። ሰኞ ጠዋት ፀጉሩን ተስተካክሎ ቀበሌ ሄደና ስምረት ፊት ቆመ፤ «እርስዎን ምን ልርዳዎት?» ስትለው አልዞረም። በክፍቱ የኮሚቴ አባልነት ቦታ ላይ እንዲመደብ አመለከተ። ፎርሙ ላይ «ለቦታው ያለዎት ብቃት» በሚለው መስመር «መለካት» ብሎ ጻፈ።

ማመልከቻው ሐሙስ ጠዋት በዒብራሂም ሰብሳቢነት ይታያል።